ልጄ የራሷን ክስ ያስተረጎመችበት ቀን

መጥሪያውን ያነበበችልኝ ራሷ ልጄ ናት። ቤት የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ የምታነብልን እሷ ነበረች፤ ያኔ አስራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር አፓርትመንት ስንኖር። «አባዬ፣ ፍርድ ቤት ጠርተውናል። ከትምህርት ቤት ስለቀረሁ» አለችኝ፣ የመብራት ቢል በምታነብበት በዚያው ድምፅ።

የቀረችው ለጨዋታ አይደለም። እናቷ ኩላሊቷ ታሞ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ትሄዳለች። ማክሰኞና ሐሙስ በሁለት ባስ የምታደርሳት፣ ነርሶቹ ያሉትን የምትነግራት፣ ሲያዞራት የምትደግፋት ልጅቷ ናት። እኔ ያለችንን አንድ መኪና ይዤ ኤርፖርት አውሮፕላን አጸዳለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከሥራ ከምቀር እሷን ማስቀረት ቀለለኝ።

ኮት ለብሼ፣ ጎረቤቴን ለዋስ ይዤ ሄድኩ። እኛ አገር ያለ ዋስ ችሎት አይኬድም። አማርኛ አስተርጓሚ ስላልነበረ ዳኛው ልጅቷ ታስተርጉም አሉ። እንግዲህ ተከሳሿም እሷ፣ አስተርጓሚዋም እሷ።

ዳኛው ጥፋተኛ ነሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ለኔም ነገረችኝ።

«እኔ ነኝ በያቸው» አልኩ። «እናትሽን አድርሺ ብዬ ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ። ከፈለጉ እኔን ይሰሩ፣ ያንቺን ስም ግን እንዳያበላሹ። ዋስም ይዣለሁ።»

ሁለት ቃል ተናግራ አበቃች። እንግሊዝኛ ባላውቅም የኔ ነገር በሁለት ቃል እንደማያልቅ አውቃለሁ። በኋላ ስጠይቃት፣ ለዳኛው ያለችው «ጥፋተኛ ነኝ» ነው።

«ሁሉንም በይ» አልኳት እዚያው።

«አባዬ፣ ያስሩሃል እኮ።»

«ይሰሩኝ። በይ አልኩሽ።»

እያለቀሰች ሁሉንም አለች። ዳኛው ስለ ሕመሙ ጠየቁ፣ ጎረቤቴንም ማን ነው አሉ፤ ዋስ ምን እንደሆነ ማስረዳት ጊዜ ወሰደ። መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት እስኪዘጋ አንድ ቀን ካልቀረች ክሱ ይሰረዛል፣ ከቀረች ግን ጥፋተኛ ተብላ ትመዘገባለች አሉ። ስንወጣ ጎረቤቴ፣ ይህን ሸሚዝ ለመታሰር ነበር ያስተኮስኩት ብሎ አሳቃት።

በማግስቱ አለቃዬ ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። የከሰዓት ፈረቃ ስጠኝ አልኩት በሰባራ እንግሊዝኛዬ። የለም አለ። እሺ እስኪለኝ ከበሩ አልተነሳሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስታችንም መኪና ውስጥ ገባን። ሚስቴ፣ «እዚያ ማን ይናገርልኛል?» አለች።

«እኔ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

«ያመመሽን በእጄ አሳያለሁ።»

ልጅቷን ትምህርት ቤቱ ደጃፍ አወረድናት። ገብታ በሩ እስኪዘጋ አየሁ። ከዚያ ነው መኪናዬን ያስነሳሁት።