የኮሌጁ ታሪክ የመጨረሻ ገጽ

ባለፈው ቅዳሜ በስደት ባለሁበት ከተማ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ባለው ሱቄ፣ ከብርድ ልብስ ካርቶኖች ስር አንዲት ሰማያዊ ሽፋን ያላት ስስ መጽሐፍ አገኘሁ። ገለጥ ሳደርጋት የወለል ሰም ሸተተኝ። የኮሌጃችን ኮሪደር ሽታ ነው። ደንበኛ ቆሞ ዋጋ ይጠይቀኛል፣ እኔ መጽሐፍ አሸታለሁ።

ኮሌጁ ትሮይቪል ሰፈር ዳገቱ ላይ የነበረ ትንሽ የካቶሊክ ኮሌጅ ነው። ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ፤ ባጭሩ እንጀራ የማያበላው ትምህርት ሁሉ እዚያ ነበር። እኔ ደግሞ የሆሳዕና ጴንጤ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ባገኙኝ ቁጥር «መቁጠሪያውን አንገትህ ላይ አላየሁትም፣ ገና ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ያላወቁት ነገር፣ የገባሁት በሰው ስም መሆኑን ነው። ያመለከተው አብሮ አደጌ ነበር። ሂልብሮው ሰፈር አንድ ክፍል ለአምስት ተከራይተን ስንኖር፣ እኛ ስለ ስፓዛ፣ ስለ ትንሽዬ የሰፈር ሱቅ፣ ስናወራ እሱ መማር ነበር የሚያልመው። የቅበላው ደብዳቤ የመጣው እሱን ከከተማ ወጣ ባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ሎኬሽን ውስጥ፣ ሱቁ በር ላይ ተኩሰው ከገደሉት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እኔ ያን ጊዜ ፔፐር፣ የስደተኛ መኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበረኝም። የእሱ ፔፐር ላይ ያለው ፎቶ ደብዝዟል፣ መልካችን ደግሞ ድሮም ይመሳሰላል ይሉን ነበር። ደብዳቤውንም ፔፐሩንም ይዤ ሄድኩ። አፍሬ ነበር፤ ግን ሄድኩ።

እሱን የቀበርነው እዚሁ ነው። ለእናቱ ወዲያው አልተነገራትም፤ መርዶ በስልክ አይረዳም። ዓመት ቆይቶ የአገር ሽማግሌዎች በማለዳ ቤቷ ሄደው አረዷት። ከል ለበሰች። አስከሬን ግን አላየችም።

ኮሌጁን የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ፣ አባ እንላቸዋለን። ተማሪው እየሳሳ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ሄዶ በመጨረሻው ዓመት ስምንት ብቻ ቀረን። ሊዘጋ መሆኑ ሲቆረጥ አባ «ታሪኳ ሳይጻፍ በሯ አይዘጋም» አሉና እኔን ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በመስኮቱ የከሰዓት ፀሐይ ገብታ ነጭ ፀጉራቸው ላይ ታርፍ ነበር። ሦስት መነኮሳት በአንድ ቆርቆሮ ቤት እንደጀመሩት፣ ጥቁርና ነጭ አብሮ መማር በተከለከለበት ዘመን መጋረጃ ዘግተው ሁሉንም አንድ ላይ እንዳስተማሩ፣ ፖሊስ ሲያንኳኳ ደብተሩን ከወንበር ስር ከተው መቁጠሪያ ይቆጥሩ እንደነበር። አባ ይህን ሲያወሩ ይስቁና ሳቁ ሳል ይሆንባቸዋል።

መጨረሻው ገጽ ላይ የእኛ የስምንታችን ስም ይገባል። የራሴ ተራ ሲደርስ ጣቴ ቆመ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አንተ ሁለቴ ካልተጠራህ አትሰማም። አራት ዓመት ሙሉ ታዘብኩህ። ለምንድን ነው?»

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ጆሮዬ ነው አባ» አልኩ።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «እንግዲህ ስም ላይ እንዳትሳሳት። እኛ ስንሄድ የሚቀረው እሱ ነው።»

የጓደኛዬን ስም ከነአባቱ ጻፍኩ። ፈርቼ ነው፣ አልዋሽህም። ግን ደግሞ፣ ይህን የሚያህል አገር ላይ ስሙ ያለው አንድ የመቃብር እንጨት ላይ ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ላይም ይኑር ብዬ ነበር። ውለታ የዋልኩለት መስሎኝ ነበር። አባ መጽሐፏ ከማተሚያ ቤት ሳትመጣ አረፉ። ነገ እነግራቸዋለሁ ያልኩት እንደዚያው ቀረ።

መጽሐፏ የወጣች ሰሞን የአገራችን አንድ ነጋዴ ለእረፍት ወደ ቤት ሲሄድ ሱቄ መጽሐፏን አይቶ አንዷን ወሰደ። መሞቱን ያልሰማ ሰው ነው፤ «የሰፈራችን ልጅ ስም አለበት» ብሎ በኩራት ለጓደኛዬ እናት ሰጣት። ጎረቤት አነበበላት። ከመርዶው ወዲህ ያላወለቀችውን ከሏን የዚያኑ ቀን አወለቀች።

ደወለችልኝ። «ተመርቋል አሉኝ» አለች፣ ድምጿ እንደ ልጃገረድ። «ሽማግሌዎቹ ተሳስተው ነው። ለምን አይደውልልኝም? ተቀይሞኝ ነው?»

መርዶ በስልክ አይረዳም አልኩህ አይደል? ሽማግሌ ልልክ አሰብኩ። ግን ሽማግሌ እስኪሄድ ድረስ ስንት ቀን እየጠበቀችው ታድራለች?

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «የተማርኩት እኔ ነኝ። በስሙ ነው የተማርኩት። እሱ የለም።»

ዶሮዎቿ ሲንጫጩ ይሰማኛል። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትረግመኝም አልፈርድባትም ነበር።

«አንዴ በስሙ ልጥራህ?» አለች።

ጠራችኝ። በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አልኩ።