የጎደለችው ወንበር

ትዕግሥተኛ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻላል፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ክፍል ለማስለቀቅ ዓመት ሙሉ ስመላለስ ያረረው አንጀቴ እስካሁን አልበረደም።

ክፍሏ ያለችው አሮጌው ሲኒማ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ፊልም መታየት ከቀረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። አዳራሹ የስብሰባ ሆኗል፤ ትኬት ይቆረጥባት የነበረችው ጠባብ ቦታ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆናለች። የፊልም ማጫወቻዋ ክፍል ብቻ ተረስታ ቀርታለች። በመንገዱ በኩል ደህና መስኮት ስላላት ለማንበቢያ የምትሆን ናት።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ከገጠር መጥተው፣ አራት አምስት ሆነው በአንዲት ጠባብ ክራይ ቤት የሚኖሩ ናቸው። አንዷ፣ ከሰከላ የመጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ፣ አከራይዋ መብራት እየከለከለቻት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ ሥር ስታነብ አገኘኋት። ክፍሏን ለማንበቢያ የጠየቅሁት በዚያው ሳምንት ነው። ጥቅምት ላይ ተፈቀደልኝ። ልጅቱም ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ክፍሏ መቼ እንደምትከፈት ትጠይቀኝ ጀመር።

ችግሩ፣ ክፍሏ በተሰባበሩ የሲኒማ ወንበሮች ጢም ብላ ነበር። የመንግሥት ንብረት ደግሞ ቢሰበርም ንብረት ነው። አስወጋጅ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ከመዝገብ አመሳክሮ ካልፈረመ በቀር ስባሪዋም አትወጣም። እኔም በየቀኑ ከትምህርት በኋላ መዝገቡ ባለበት ዕቃ ግምጃ ቤት በር ላይ ወንበሬን ይዤ እቀመጥ ነበር፤ ኃላፊው ስሰለቻቸው ይጨርሱልኛል ብዬ። ጥር ላይ ግማሹ ኮሚቴ ለተፋሰስ ሥራ ገጠር ወረደ። ሲመለሱ አንዱ ተዛወረ፤ ምትኩ እስኪመደብ ፋሲካ ደረሰ።

ከፋሲካ በኋላ እንደ ምንም ተሰብስበው ቆጠሩ። አንድ ወንበር ጎደለ፤ እሷ ሳትገኝ አንፈርምም አሉ።

ለማገዶ የሚሄድ እንጨት ነው፣ ጎደለ አልጎደለ ምን ለውጥ አለው ብዬ ጮህሁ። ኃላፊው ጡረታ የቀረባቸው ጨዋ ሰው ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩን ሳልጠጣ ሄድሁ፤ በማግስቱ ግን ያው በሩ ላይ ነበርሁ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን እስክሪብቶ ወድቆባቸው ለማንሣት ጎንበስ አሉ። ቶሎ ቀና አላሉም።

«እስቲ አንዴ ይነሡልኝ፣ መምህር» አሉኝ።

ተነሣሁ። ወንበሬን ገለበጧት። ከሥሯ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባታል።

ያኔ ትዝ አለኝ። ኅዳር ላይ መቆም ሲሰለቸኝ ከዚያው ክፍል ደህናዋን መርጬ አወረድሁ፤ የላላ እግሯን በድንጋይ ቀጥቅጬ በምስማር አጠበቅሁ፤ እዚያው በር ላይ ተከልኋት። ከዚያ በኋላ የማን እንደሆነች ማሰብም ተውሁ። ሁለት ወር ሙሉ ስትፈለግ የከረመችው ወንበር ላይ እኔው ተቀምጬ እየተሳደብሁ ነበር። በሰው እንጂ በራሴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሰውየው ግን አልሳቁብኝም፤ መዝገቡ ውስጥ ቁጥሯ ላይ ምልክት አደረጉና ስልክ አንሥተው ኮሚቴውን ጠሩ።

ፊርማው ሲያልቅ ተማሪዎቹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለመፈተን በአውቶቡስ ሄደዋል። ክፍሏ የተጠረገችው በማግስቱ ነው። የኔዋም ወንበር ዝርዝሩ ውስጥ ስላለች አብራ ተወገደች። ባዶ ክፍል፣ አንድ መቀመጫ የሌለባት። ታጥቦ ጭቃ ማለት ይህ ነው።

ልጅቱ ከፈተና ስትመለስ ወስጄ አሳየኋት። ወደ መስኮቱ ሄዳ ትንሽ ቆመች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነም አልደበቅሁም። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ በተሻለኝ።

«ታናሽ እኅቴ መስከረም ላይ ትመጣለች» አለች። «ለሷ ወንበር ይደርስላታል፣ ቲቸር?»

በማግስቱ የወንበር መጠየቂያ ደብዳቤ ይዤ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ደረስሁ። ኃላፊው ከውስጥ መቀመጫ ሊያመጡልኝ ተነሡ። አይሆንም፣ እቆማለሁ አልኋቸው።