ለእህቴ የተቀባው ቅቤ

የጎረቤቴ ልጅ፣ እንደ ሟች እህቴ እንደ አልማዝ፣ ነጭ ቆዳና ነጭ ጠጉር ይዛ ነው የተወለደችው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ እናቷ በር ላይ አቁማ የፀሐይ ቅባት ትቀባታለች፤ ሰፊ ባርኔጣም ትደፋላታለች። የቅባቱ ሽታ እኔ ድረስ በመጣ ቁጥር ልቤ ወደ ባቱ ሐይቅ ዳር፣ ወደ ልጅነቴ ይሄዳል።

አባባ ዓሣ አጥማጅ ነበር። "እኛን ያጠቆረች ፀሐይ እሷን ማጠየም ያቅታታል?" ይልና አልማዝን ለጋ ቅቤ ቀብቶ፣ መረቡን ከሚያሰጣበት ሜዳ ላይ ያስቀምጣታል። ሰው እንዳይስቅባት ብሎ እኮ ነው። ቅቤው ቀልጦ በአንገቷ ይወርዳል።

"አባባ፣ ዓሣ መሰልኩህ እንዴ በቅቤ የምትጠብሰኝ?" ትለዋለች።

"ቻይው የኔ ልጅ፤ ዳቦም እሳት ሳይነካው አይጠይምም።"

ሁላችንም እንስቃለን፤ እሷም ትስቃለች። ማታ ግን ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ትራስ አታስነካውም ነበር።

ገና በወጣትነቷ ፊቷ ላይ የወጣው ቁስል አልሽር ብሎ ወሰዳት። አባባም እስኪሞት ድረስ ቅቤ ባፉ አልዞረም።

እኔም ይኸው አርጅቼ፣ በርጩማዬን ወደ ጥላ ሳስጠጋ፣ ከጎኔ ለአንድ ሰው የሚበቃ ጥላ እተዋለሁ።