ሰው እስኪሰበሰብ

ደነገጥኩ የሚለው ቃል አይበቃኝም። የዚያን ቀን በእናቴ ቤት ያየሁትንና የሰማሁትን ሳስታውስ ዛሬም ያው ድንጋጤ ይመለስብኛል፤ ከኋላው ደግሞ ንዴቱ ይመጣል።

እናቴ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ቤት ትኖራለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቆርቆሮው ዝጎ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ትምህርት ሲዘጋ የስምንት ዓመት ልጄን ለክረምቱ አያቷ ጋ ወሰድኳትና በዚያው ጣሪያውን ላስለውጥ ተነሳሁ። አናጢውን የመረጠችው እናቴ ናት። የሚካኤል ጽዋ ማኅበሯ አባል ነው። አብራው ጽዋ ከምትጠጣው ሰው ጋር ውል መፈራረም ነውር መሰላት። እኔም፣ ሞኟ፣ ዝም አልኩ።

አጀማመሩስ ጥሩ ነበር። በሁለት ቀን አሮጌውን ቆርቆሮ አውርዶ ግቢው ውስጥ ደረደረው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ላይ ወጣ፣ እዚህም እዚያም አንኳኳ፣ ወረደ። የቀረበለትን ቁርስ እንኳ ሳይነካ "መጣሁ እትዬ" ብሎ ሄደ። በዚያው ቀረ።

ጎረቤቶች ጣሪያ በሌለው ቤት ላይ ሸራ ወጠሩላት። "እኛ ጋ እደሩ" ቢሏት "ቤቴ እያለ?" አለች። ልጄን አቅፋ ከሸራው ሥር መተኛቷን ቀጠለች። እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሼ፣ ደብረ ብርሃን ዝናብ በጀመረ ቁጥር ስልክ አነሳለሁ። ደህና ናችሁ? አልረጠባችሁም? የምፈራው ጉንፋን ነበር።

አናጢው መጀመሪያ ሰሞን ስልክ ያነሳ ነበር። "መንገድ ላይ ነኝ እህቴ" ይላል፤ ከበስተኋላው በግ ይጮኻል። አንድ ቀን ሚስማር ፍለጋ አጣዬ ወጥቷል። ሮቢት ሚስማር ጠፍቶ ነው? ሌላ ቀን ካራቆሬ ለቅሶ ደርሶበታል። ከዚያ አቦ ነው፣ አይሠራም። ከዚያ ሥላሴ ነው፣ እሱማ ጭራሽ አይሠራም። በመጨረሻ ስልኩን ዘጋው። ቅዳሜ ወርጄ ከመናኸሪያ በባጃጅ በቀጥታ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ "የለም" አለችኝ። ጫማው ግን ደጃፉ ላይ ነው።

"በባዶ እግሩ ነው የወጣው?" አልኳት። በሩን ዘጋችብኝ።

ሌላ አናጢ ላምጣ ብል እናቴ እምቢ አለች። "በማኅበርተኛዬ ላይ ሰው አላመጣም። ደግሞ የሐምሌ ሚካኤል ተራዬ ነው፤ እሱም ይመጣል። ያኔ ፊት ለፊት እንጠይቀዋለን።" ቤቱ ጣሪያ ሳይኖረው ማኅበር ልታስተናግድ ነው! ልሟገታት ሞክሬ ተውኩት።

ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ደረሰ። እኔም ከዋዜማው መጥቼ ጠላውንና ወጡን ሳደራርስ አመሸሁ። ማኅበርተኛው እየገባ ከሸራው ሥር በየአግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ድንገት አናጢው ነጠላውን አጣፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ ሰላምታውን ሰጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ክው አልኩ። ራሱ በገፈፈው ቤት ውስጥ ሊበላና ሊጠጣ መጣ?

ቄሱ ጸሎት አደረሱ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚባሉት ሽማግሌ፣ ጽዋው ከመከፈቱ በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጠየቁ። "የተቀያየመ አለ? ተቀያይሞ ጽዋ አይጠጣም።"

አባል አይደለሁም፤ መናገርም አይገባኝም። ግን ተነሳሁ። "እኔ አለኝ" ብዬ አፌን ስከፍት አናጢው ቀድሞኝ ቆመ።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ ወደ እናቴ ዞሮ። "ሰው እስኪሰበሰብ ነው የጠበቅሁት።"

ከኪሱ መሮ አወጣ። ወደ መካከለኛው ምሰሶ ሄደና በቀኝ እጁ መሮውን ገፋ አደረገበት። መዶሻ የለ፣ ጉልበት የለ፤ መሮው እስከ እጀታው ገባ። ሲነቅለው ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ፣ ከዱቄቱ ጋር ምስጥ ተንጠባጠበ። ምሰሶው ከላዩ ልስን ብቻ ነው፤ ውስጡ የለም።

"ያን ዕለት ላይ ስወጣ ከሥሬ ተወዛወዘ" አለ። "አዲስ ቆርቆሮ ብጭንበት አይችልም። ምሰሶውን ላውጣ ብል ቤቱ ይወርዳል። የሟቹ ጋሼ ቤት አበቃለት ብዬ ለብቻዎ ልነግርዎ? መርዶ ሆነብኝ። መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም ብዬ ነው።"

እኛ አገር ሞት ለብቻ አይነገርም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተጠራርቶ፣ ማልዶ ነው የሚያረዳው። ያንን ወግ ሰውየው ለምስጥ አዋለው። ከዚያ የባሰው ደግሞ አንዳንዶቹ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ አዛውንት "መቼስ እንዴት ብሎ ይንገራት" አሉ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ወጉ ነው።

እኔ ያየሁት አልጋውን ነው። ከምሰሶው ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። ልጄ በዚያው ጠዋት የገመዷን አንድ ጫፍ ምሰሶው ላይ አስራ ስትዘል አይቻታለሁ፤ "ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ" ብያታለሁ። ሃያ ቀን ሙሉ እኔ ስለ ጉንፋን ስደውል ይህ ሰው ያውቅ ነበር።  ዘልዬ አልጋው ላይ የተቀመጠችውን ልጄን ያዝኳትና ወደ በሩ ገፋኋት።

ሙሴው እጃቸውን የጽዋው መክደኛ ላይ አሳረፉ። "እንግዲህ በደሉን ተናግሯል፣ ይቅርታም ጠይቋል። እትዬ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉትና ጽዋችንን እንክፈት።"

ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። ለእናቴ ይቅርታ አፏ ላይ ነው፤ ገና ሳይጠይቋት ነው የምትሰጠው። ልጅ ሆነን እንኳ አጥፍተን ሳንጨርስ ትምረን ነበር። አሁንም ልትለው ነው ብዬ ንዴት ሊገድለኝ ደረሰ።

እናቴ ምሰሶውን አየች፣ አልጋውን አየች። ከዚያ "አልልም" አለች።

ሙሴው ያልሰሙ መስሏቸው ጎንበስ አሉ።

"መርዶ ተጠብቆ የሚነገረው ሰው ሲሞት ነው" አለች፣ ድምፅዋ ሳይቀየር። "እኛ እኮ በሕይወታችን ነበር ከሥሩ የምንተኛው። እኔን ብቻ ቢሆን ግድ የለም። ልጅ አቅፌ ነበር።"

 ሙሴው እጃቸውን ከጽዋው መክደኛ ላይ አነሱ። "እንግዲያው ዛሬ ጽዋ የለም" አሉና ተነሱ። ቄሱም ተከተሉ። ሰዉ ነጠላውን እየሰበሰበ፣ ምሰሶውን በሩቁ እየዞረ ወደ ግቢው ወጣ። በእናቴ ዕድሜ ሙሉ ተራዋ ደርሶ ጽዋ ሳይጠጣ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው።

አናጢው መሮውን እንደያዘ ምሰሶው አጠገብ ቆሞ ቀረ። የሚያየው ሰው የለም። እናቴ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየችው።

"ና ውጣ አንተ" አለችው። "ይወድቅብሃል።"