ከሂናው ሥር የጠቆሩ ጣቶች

ጀዊሪያ ሂና ስትነፋ ወንፊቱን አታንቀጠቅጠውም፤ ጎኑን በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች። ደቃቁ ዱቄት ከታች በተነጠፈው ነጭ ጨርቅ ላይ ይወርዳል፣ ግርዱ ከላይ ይቀራል። የቀረውን መልሳ ትወቅጠዋለች። ከዚያ በሎሚና በቀዘቀዘ ሻይ አቡክታ ትከድነዋለች። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሸጎሌ ለሠርግም ለዒድም የሴቶችን እጅና እግር ለመቀባት የምትፈለገው እሷ ነበረች። ባሏ ያሕያ መንገድ ዳር ሳሙና፣ ክብሪት፣ መርፌና ክር የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበረው። ልጅ አልነበራቸውም፤ ታናሽ እህቷ ረሂማ አብራቸው ትኖር ነበር። የእኔ ቤት ከአጥራቸው ማዶ ነው።

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከተማው ቀይ ጨርቅ በሚለብስበት ክረምት ጀዊሪያ ከሱቁ መደርደሪያ ላይ የሳሙና ካርቶን ላውርድ ብላ ከበርጩማ ወደቀች። የግራ ጭኗ ተሰበረ። ሆስፒታል አስገቧት፤ እግሯ በገመድና በክብደት ተወጥሮ ተሰቀለ። ጥቂት ቆይቶ ያው እግር አበጠ። ሐኪሞቹ ደም ሥሯ ውስጥ ደም ረግቷል አሉና ደም የሚያቀጥን መርፌ ሆዷ ላይ ትወጋ ጀመር። እብጠቱ ጎደለ፤ ሁላችንም ደስ አለን።

በዚህ መካከል አረፋ ደረሰ። በእነሱ ቤት የሴት እጅና እግር ዒድን ባዶውን አይቀበልም፤ የታመመችም ብትሆን። ረሂማ ሂናውን አቡክታ ክዳን ባለው ሳህን ይዛ መጣች። የእህቷን እጆች፣ ከዚያም የሁለቱን እግሮች ጣቶች ቀብታ በላስቲክ ጠቀለለች። ነርሷ ታየች ቆማ ታይ ነበር። የሸጎሌ ልጅ ናት፣ ሣቅ አይርቃትም።

«እትዬ ጀዊሪያ፣ እኔም ሳገባ ይቀቡኛል!»

«መጀመሪያ ባሉን አምጪ፤ ሂናው የትም አይሄድም።»

«ባሉማ ከሂናው ይቀላል።»

«እንግዲያው በእጄ የነፋሁትን ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ወላሂ» አለቻት ጀዊሪያ።

በማግስቱ እጆቿ ጡብ መሰሉ። የግራ እግሯ ጣቶች ግን ውለው ሲያድሩ ጠቆሩ። ጥሩ ሂና ሲያድር ይጠቁራል፤ በጠቆረ ቁጥርም ቀቢዋ ትመሰገናለች። ስለዚህ ረሂማ ኮራች። ታየችም አንሶላ ስታስተካክል አይታ «እንዴት ያዘልዎት!» አለች። እኔም ልጠይቃት ሄጄ ያንኑ አልኩ። ጀዊሪያ ግን ጣቶቿ ያቃጥሏት ነበርና እህቷን ተቆጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ሎሚ አብዝተሻል።»

«እንደ ወትሮው ነው፣ እህቴ።»

«እንደ ወትሮው ቢሆን እንዲህ ይፈጀኝ ነበር?»

ነገሩን የጠየቀው ዶክተር መሸሻ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ሐኪም። ጠዋት ሲዞር አንሶላውን ገልጦ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አየ።

«ሁለቱም የተቀቡት በአንድ ቀን ነው?»

«በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሳህን» አለች ረሂማ።

«ታዲያ ያኛው ጡብ፣ ይኸኛው ከሰል የሆነው ለምንድን ነው?»

ጣቶቹን በእጁ ጀርባ ነካቸው፤ ቀዝቅዘዋል። ሆዷ ላይ መርፌ የተወጋችበትም ቦታ በልዟል። ታየች መሣቋን ተወች።

ደሟ ተቀድቶ ተመረመረ። ሰው ሲቆስል ደምን የሚያረጉ ደቃቅ ነገሮች በደም ውስጥ አሉ፤ ሐኪሞቹ ፕሌትሌት ይሏቸዋል። ሆስፒታል ስትገባ የተሟሉ ነበሩ፤ አሁን ከግማሽ በታች ወርደው ተገኙ። ወባም ያጎድላቸዋል ተብሎ ወባ ተፈለገ፤ አልተገኘም። ጀዊሪያም ያን ዓመት ከጉለሌ ርቃ አልሄደችም።

ከሰዓት በኋላ ከያሕያ ጋር ስንገባ ዶክተር መሸሻና አለቃው ዶክተር ገለታ አልጋው ግርጌ ቆመው ይከራከሩ ነበር።

«እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ሳለ የሚያቀጥነውን ትከለክላታለህ? እግሯን ልታሳጣት ነው?» አሉ ዶክተር ገለታ።

«የሚያረጋው ራሱ መርፌው ከሆነስ? አንዳንድ ሰው ሰውነቱ መድኃኒቱን ይጠላዋል። ያን ጊዜ ፕሌትሌቶቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ተጣብቀው ስለሚያልቁ ቁጥሩ ይወርዳል፤ የተጣበቀው ደግሞ ደም ሥር ይዘጋል። ወባ የለባትም፣ ትኩሳት የለባትም። ከገባች ወዲህ አዲስ የተጨመረባት እሱ ነው።»

«ከተሳሳትክስ?»

«ከተሳሳትኩ፣ መርፌው ቆሞም ቁጥሩ አይመለስም።»

ያሕያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «የቱን ልመን?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ጀዊሪያ ጣራውን ታይ ነበር።

ዶክተር ገለታ ጣቶቹን እንደገና አዩና «አቁሙት» አሉ። የክንዷ ቱቦ እንዳይደፈን ከዚያው መድኃኒት ጠብ ይደረግበት ነበር፤ ዶክተር መሸሻ እሱም ይቅር አለ። ታየች እንዳይረሳ በፕላስተር ላይ ጽፋ ከራስጌዋ ለጠፈችው።

በየጠዋቱ ደም ተቀዳ። ቁጥሩ መጀመሪያ ባለበት ቆመ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወጣ። አዲስ ደም አልረጋም። እግሯ ተረፈ፤ ሁለቱ ትንንሾቹ ጣቶች ግን ተቆረጡ። ረሂማ ዶክተሩን ሂናው ባይኖር ጥቁረቱ ቀድሞ ይታይ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። «ምናልባት» አላት።

ጀዊሪያ በከዘራ ቤቷ ገባች። የሌሎችን እጅና እግር መቀባቷን አልተወችም፤ የራሷን ግን እጇን ብቻ ነው። ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር ስሟን ከመናገሯ በፊት ያ መርፌ እንደማይስማማት ትናገራለች።

በሚቀጥለው ዓመት ታየች ልታገባ መሆኑን ሰማን። ጀዊሪያ የዚያኑ ዕለት ሂና ነፍታ በነጭ ጨርቅ ቋጠረች። ቋጠሮው ሱቁ ውስጥ ከስኳሩ ጣሳ ጀርባ ተቀመጠ። ሠርጉ ተቃርቦም ስላልወሰደችላት ጠየቅኳት፤

«ተቀይመሻት ነው?»

«እሷን? ምን አደረገችኝ? ገና ስገባ እግሬን ነው የምታየው። ታለቅሳለች። ሙሽራ ላስለቅስ?»

በሠርጉ ዋዜማ ቋጠሮውን በሻርፗ ሸፍና ወደ ሸጎሌ አቅጣጫ ወጣች። እኔ ያሕያ ሱቅ ሳሙና ስመርጥ ተመለሰች። ቋጠሮውን ሳይፈታ ከጣሳው ጀርባ መልሳ አኖረችና፣ ቆማ ለምትጠብቅ ገዢ ክር መለካት ጀመረች።