የጥብስ ቅጠል በሁዳዴ

ወይንእሸት ቢቸና ገበያ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሹሩባ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ፀጉር ስትጎነጉን ትውልና ማታ እግሯ አብጦ ትገባለች። ባሏ አንዷለም ሞጣ ጋራዥ ስለሚሠራ ቤቱም አማቷም የእሷ ኃላፊነት ናቸው።

ኅዳር ላይ ተስቦ ጣላት። ከዳነች በኋላ፣ ጥር ላይ፣ ፀጉሯ በእፍኝ ይረግፍ ጀመር። የራሷ አናት የተመለጠ ሹሩባ ሠሪ ጋ ማን ይመጣል? ሻሽ ጥብቅ አድርጋ አሰረች። ለባሏም ለአማቷም ትንፍሽ አላለች።

አንዲት ደንበኛዋ የጥብስ ቅጠል ቀቅለሽ ታጠቢበት ብላት፣ በየጠዋቱ ሱቋ ውስጥ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ ትታጠብበታለች። ይብቀል አይብቀል እግዜር ይወቀው።

ጣጣው የመጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ያ ሽታ ያለ ሥጋ መች ይታወቃል? አማቷ እማማ ወለተ ሐና ባለፈች ባገደመች ቁጥር ያሸታሉ። ጾም ገደፈች ብለው ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ተዉ። ባልና ሚስቱ በቁርባን የተጋቡ ናቸው። አሮጊቷ ለነፍስ አባት ከተናገሩ፣ ወይንእሸት ለፋሲካ መቁረቧ ቀረ።

እኔ፣ አየሁሽ፣ እዚያው ግቢ ተከራይ ነኝ። ንገሪያቸውና ተገላገይ አልኳት።

«ደክሞኛል አየሁሽ፤ መላጣ ከምባል ሥጋ በላች ይበሉኝ» አለችኝ። አናደደችኝ። እንዲህ ያለ ግትር አይቼም አላውቅ።

በደብረ ዘይት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማማ በር ላይ ጠበቋት።

«አባ ዛሬ ይመጣሉ። ሥጋ የት እንደምትበዪ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ እኔ ልንገር?»

ወይንእሸት ደጃፉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች። እዚህም እዚያም ከቀረ ጥቂት ፀጉር በቀር አናቷ ባዶ ነው።

«ያሽትቱት እማማ። ቅጠል ነው።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። እጃቸውን አናቷ ላይ አሳረፉ።

«እኔ እያለሁ ብቻሽን?» አሉ። ወይንእሸት ያኔ ነው ያለቀሰች፤ ድካም ነበር መሰለኝ።

አባ ሲደርሱ እማማ ከሱቋ ያስመጡትን ቅጠል አፍልተው ለብ ያለውን ውሃ በጆግ እያፈሰሱ የምራታቸውን ራስ ያጥባሉ። ግቢው ሁሉ ጥብስ ጥብስ ይሸታል። ቄሱ ደንግጠው በሩ ላይ ቆሙ።

«ይፍቱኝ አባ» አሉ እማማ፣ ጆጉን ሳያስቀምጡ። «በዚህ ቤት ጾም የገደፍኩት እኔ ነኝ።»