የበርጩማ ጭነት ወደ መርካቶ

በደርግ ጊዜ ጅማ ከተማ፣ ሄርማታ ገበያ ዳር፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። የምሸጠው የጅማ በርጩማ ነው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግሩን። የሚጠርቡልኝ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሰርቦ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤቴ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

መርካቶ ያለ አንድ ነጋዴ በርጩማዎቹን ወደዳቸውና "በየወሩ ላኪልኝ" አለኝ። ደስ ብሎኝ የመጀመሪያውን ጭነት ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ከፊቴ አንድ ሰውዬ ሁለት ኩንታል በቆሎ ሲያስጭን የከፈለውን ሰምቻለሁና የእኔ ግማሹንም አይሆንም ብዬ ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት፣ ሪዙን ያሳመረ ጎልማሳ፣ ከጣሪያው ላይ ቁልቁል አየኝና የበቆሎውን ሦስት እጥፍ ጠራብኝ።

"ምነው ወንድሜ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ እንጨት እኮ ነው!"

"ክብደቱ ለእኔ ምኔ ነው? እኔ የማከራየው ቦታ ነው። በቆሎው ተጋድሞ ላዩ ላይ ሌላ ጫንኩበት። ያንቺ ግን እግሩን አንፈራጦ ጣሪያውን ያዘብኝ። በመሀሉ ያለው አየር አዲስ አበባ ድረስ በነፃ ይሂድ?"

ከፍዬ ላክሁ። ትርፌም መንገድ ላይ ቀረ።

በሳምንቱ ሰርቦ ሄጄ ሽማግሌውን፣ "አባ፣ እግሩን ለብቻው ቢሠሩትና እዚያ ሲደርስ ቢገጠምስ?" አልኳቸው።

መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። "ዋላሂ ልጄ፣ እግር የሌለው በርጩማ ትሪ ነው። ትሪ ከፈለግሽ ትሪ ሠሪ ፈልጊ።"

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። የሳሎኑን ወለል በጠመኔ አሰመረው። ሁለቱን በርጩማ እግር ለእግር ያጋጥማል፣ ሦስተኛውን በጎን ይሰነቅራል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ይፈታል። ቤቱ በመቀመጫ ተሞልቶ ሁለት ቀን የምንቀመጥበት አጣን።

በገበያ ቀን ሽማግሌው ዕቃ ሊያደርሱ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። "ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?" አሉ። ስነግራቸው ሳቁ።

"ጥጃ የት ነው የሚገባው? ከላሟ ሆድ ሥር አይደል?"

በሚቀጥለው ሳምንት ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ጠርበው አመጡ። ትንሹ ከመካከለኛው ሥር፣ መካከለኛው ከትልቁ ሥር ገባ። ሦስቱ የአንዱን ቦታ ብቻ ያዙ። ባለቤቴ ትንሹን አንዴ አውጥቶ መልሶ ከተተና፣ "እኔም ወደዚያው እየደረስኩ ነበር" አለ።

ድርሻው እንዳይቀርበት ነው መሰል፣ ማሸጉን እኔ ካልያዝኩ አለ። ቡና የነበረበትን ጆንያ ከየትም ሰብስቦ እያንዳንዱን ሦስትዮሽ ጥርቅም አድርጎ ሰፋው። ያኔ ቡና ያለ ፈቃድ ይዞ መንገድ መውጣት አይቻልም፤ ኬላው ሁሉ የሚፈትሸው እሱን ነው።

"ጆንያው ቡና ቡና ይሸታል" አልኩት።

"ሽታ ቦታ አይይዝም" አለኝ።

ጭነቱን ይዞ አብሮ ተሳፈረ። የሆነውን ሲመለስ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ኬላ ላይ ፈታሹ አንዴ አሸተተና ሁሉንም አስወረደ። ጆንያው አንድ በአንድ ተቀደደ። ቡና የለም፤ በርጩማ ግን መንገዱን ሞላው። ባለቤቴ የትኛው ከየትኛው ሥር እንደነበር እየፈለገ ሲለካካ፣ መቆም የሰለቻቸው ተሳፋሪዎች አንድ አንድ ስበው ተቀመጡበት። ፈታሹም ተቀመጠ።

"እባካችሁ ተነሡልኝ፣ ልጭን ነው!"

"ይመቻል እኮ" አሉ አንዲት እናት ሳይነሡ። "ስንት ትለዋለህ?"

ትንንሾቹ እዚያው አለቁ። ጭን ላይ ለሚቀመጥ ዕቃ ረዳቱ ምን ብሎ ያስከፍላል? ገዢዎቹ ታቅፈዋቸው ገቡ፣ ረዳቱም ሪዙን እየነካካ አሳለፋቸው። የመርካቶው ነጋዴ ትልቅና መካከለኛውን በደስታ ተረከበ። ትንሽ በርጩማ ድሮም አላዘዘም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጆንያው ቀረና በገመድ ብቻ እያሰርኩ እልክ ጀመር፤ ፈታሹም ከሩቁ አይቶ ያሳልፈዋል። ትንንሾቹን ለመርካቶ መላክ ትቼ መናኸሪያው በር ላይ ለተሳፋሪ አስቸረቸርኳቸው። ባለቤቴ ለእንግዳ ሲያወራ ግን ቡና የነበረበትን ጆንያ የመረጠው አስቦበት እንደሆነ ይናገራል።